ላይና ታች የቆጠርነው ብርሃን

አባቴ የታሰሩት በእኔ ምክንያት ነው። ይህን ለብዙ ዓመት ከራሳቸው በቀር ለማንም አልተናገርኩም። ለራሴ እንኳ ሳወራው ጥፋቱን ወደ ዘመኑ እያስጠጋሁ ነበር። ዘመኑም ጥፋት ነበረበት፤ አፌን የከፈትኩት ግን እኔ ነኝ።

ደርግ ነበር። የግድያው ጊዜ አልፎ ሰው ቀና ብሎ መሄድ ጀምሯል፤ ድምፁን ግን ገና አላነሳም። እኔ በሳይንስ ፋኩልቲው የፊዚክስ ትምህርት ክፍል ረዳት ምሩቅ ነበርኩ። ቤታችን ቀጨኔ ነው። አባቴ ብረት ቀጥቃጭ፣ እናቴ ሸክላ ሠሪ። ጠዋት ጠዋት ቁልቁለቱን እየሮጥኩ እወርድና በአፍንጮ በር በኩል አራት ኪሎ እደርሳለሁ። ለምን እንደምሮጥ አላውቅም፤ የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም። በዚያ ዕድሜዬ የሆነ ነገር የሚያመልጠኝ ይመስለኝ ነበር።

አብሬያቸው የምሠራው መምህር ውጭ አገር ተምረው የተመለሱ ሰው ናቸው። ሁላችንም ዶክተር እንላቸዋለን። ክረምት ከበጋ አንድ ግራጫ ሹራብ ይለብሳሉ፣ ሲያስቡ የክብሪት እንጨት ያኝካሉ። ከተማሩበት ቤተ ሙከራ ለምነው ያመጧቸው ሦስት አሮጌ ዲቴክተሮች ነበሯቸው። እያንዳንዱ የወተት ጣሳ የሚያህል፣ ውስጡ ጨው የመሰለ ክሪስታል ያለበት፣ ዓይን የማያየው የጋማ ብርሃን ሲመታው ብልጭ ብሎ የሚመሰክር ዕቃ ነው። በእነዚህ በሦስቱ ነበር ከተፈጥሮ ጋር ልንከራከር የተነሳነው።

ክርክሩ ይህ ነው። ኤሌክትሮን የተባለው ቅንጣት መልኩ ሁሉ እሱን የሚመስል፣ ቻርጁ ብቻ የተገላቢጦሽ የሆነ አቻ አለው፤ ፖዚትሮን ይባላል። ሁለቱ ሲገናኙ ይጠፋፉና በቦታቸው ብርሃን ይቀራል። ከመጥፋታቸው በፊት ግን አንዳንዴ አንዱ በሌላው ዙሪያ ለአፍታ ይዞራሉ፤ ያንን ጥንድ ፖዚትሮኒየም ይሉታል። አንደኛው ዓይነት ሲጠፋ ሁለት ብርሃን ይረጫል። ሌላው፣ ትንሽ ቆየት የሚለው፣ ሦስት ይረጫል። እኛ የፈለግነው ሦስቱን ነው። ሦስቱ ብርሃኖች ሁልጊዜ እንደ ሰፌድ በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ነው የሚበተኑት። ሰፌድ ደግሞ ፊትና ጀርባ አለው። ከሦስቱ ኃይለኛው በየት በኩል እንደሄደ፣ ሁለተኛው በየት እንደሄደ ካየን፣ ሰፌዱ ፊቱን ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች እንዳዞረ እናውቃለን። የተፈጥሮ ሕግ እንደምናምነው ከሆነ «ላይ» የምንላቸውና «ታች» የምንላቸው በስተመጨረሻ እኩል መምጣት አለባቸው። ይህን እኩልነት ሲሜትሪ ይሉታል። አንደኛው በጥቂት እንኳ ቢበልጥ፣ ፊዚክስ ከቆመባቸው የመሠረት ድንጋዮች አንዱ ተነቃነቀ ማለት ነው።

«ቢነቃነቅስ ዶክተር?» አልኳቸው መጀመሪያ የነገሩኝ ቀን።

«ያኔ በቃ፣ እኔና አንቺ እንቅልፍ የለንም» አሉና ሳቁ።

እኔ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፌን አጣሁ።

ዲቴክተሮቹን የሚይዝ ቀለበት ያስፈልገን ነበር፤ ሦስቱን በእኩል ርቀት፣ በአንድ ገጽ ላይ የሚያስቀምጥ። ከብረት አይሠራም፤ ብረት ማግኔት ይይዝና ብልጭታውን የሚያነበውን የዲቴክተሩን ቱቦ ያሳስታል። አልሙኒየም መሆን አለበት። የፋኩልቲው ወርክሾፕ አልሙኒየም የለም፣ ሲመጣ እንጠራችኋለን አለን። ወር አለፈ። ሁለተኛው ሲጀምር አንድ ከሰዓት በኋላ ዶክተሩ ክብሪታቸውን እያኘኩ በመስኮት ሲመለከቱ፣ «አባቴ ይሠሩታል» አልኩ።

ለአባቴ ሥዕሉን ያሳየሁት እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ ነው። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አቅርበው አዩት።

«ምን ይሸከማል?»

«ብርሃን የሚቆጥር ዕቃ ነው አባባ። ከሦስት በኩል የሚመጣውን—»

«ክብደቱን ነው የጠየቅኩሽ።»

ያን ጊዜ የሰፈሩ ቀጥቃጮች ሁሉ በዕደ ጥበብ ማኅበር ተደራጅተዋል። ማረሻውም መጥረቢያውም በማኅበሩ በኩል ነው የሚሠራው፤ ከማኅበሩ ውጪ በግል ትእዛዝ መቀበል ያስጠይቃል። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ። አንዳችንም አላነሳነውም። አባቴ ከጋራዥ የተጣሉ ፒስተኖች ለቃቅመው በጓሮ አቀለጡ፣ አሸዋ ላይ ቅርጹን አውጥተው አፈሰሱት። ሲቀዘቅዝ ሞረዱት። ሁለት ጊዜ አልወደዱትምና መልሰው አቀለጡት። በሦስተኛው መስታወት ላይ አጋድመው በቀለበቱና በመስታወቱ መካከል ምላጭ ለማስገባት ሞከሩ። ምላጩ በየትም በኩል አልገባም። ሦስት እግር አቆሙለት፣ ሦስት መቀመጫ አበጁለት፣ ግድግዳው ላይ አስደግፈውት እጃቸውን ታጠቡ።

በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት የቀበሌው አብዮት ጥበቃዎች መጡ። ማን እንደጠቆመ እስከ ዛሬ አላወቅንም። ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ቀለበቱን አነሳና እግሮቹን ቆጠረ።

«ይሄ የመትረየስ እግር ነው» አለ።

«የትምህርት ዕቃ ነው!» አልኩ። «የእኔ ነው፣ የዩኒቨርሲቲ ነው!»

«ወረቀት አለው?»

ወረቀት አልነበረውም። ሥዕሉን እንኳ ለዶክተሩ መልሼ ነበር። አባቴ ኮታቸውን ደረቡ፣ ቆባቸውን አደረጉ፣ በመካከላቸው ሆነው ወጡ። ጎረቤቶቻችን ከደጃቸው ሆነው አዩ። አንዳንዶቹ እኛን ቀጥቃጮቹን ድሮም በበጎ ዓይን የማያዩ ነበሩ፤ አብዮቱ ይህን ከልክሎ ነበር፣ ዓይናቸውን ግን ሊከለክል አልቻለም።

ተከትዬ ቀበሌ ደረስኩ። ሊቀመንበሩ ከእኔ በጥቂት የሚበልጥ ወጣት ነው። ቀለበቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህ ብርሃን ለመቁጠር የሚያገለግል ነው።»

«ብርሃን ይቆጠራል እንዴ?»

«አዎ። በጣም ትንሽ ሲሆን አንድ በአንድ ይቆጠራል።»

ቀለበቱን አገላበጠው። እያሾፍኩበት መሆን አለመሆኔን እያመዛዘነ ነበር። «እሺ» አለ በመጨረሻ፣ «ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አምጪ። ማን እንዳዘዘ፣ ለምን እንዳዘዘ። እስከዚያ አባትሽ እዚህ ናቸው።»

ሰኞ ፋኩልቲው ሲከፈት ደጁ ላይ ቆሜ ነበር። ዶክተሩ ነገሩን ሲሰሙ ክብሪቱን ከአፋቸው አወጡ።

«ደብዳቤ» አሉ። «ማሰብ አለብኝ።»

«ምኑን ነው የሚያስቡት ዶክተር? አባቴ ታስረዋል!»

«ገብቶኛል። እኔም አንድ ጊዜ ታስሬ ነበር። አሁን ስሜን ጽፌ፣ የግል ሥራ ያዘዝኩ እኔ ነኝ ብዬ...» አልጨረሱትም። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ስብሰባ ላይ መሆናቸውን፣ ማኅተሙም በእሳቸው እጅ መሆኑን ነገሩኝ። እውነት ነበር። ግን የዶክተሩን ፊት ማየት አቃተኝ።

ያ ሳምንት በእግሬ ላይ አለቀ። ከቀጨኔ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ ቀበሌ፣ ከቀበሌ ቤት፣ ከቤት እንደገና። እናቴ ቀን ቀን ምሳ በሳህን ቋጥራ ትወስዳለች፤ ትሰጣለች እንጂ አታያቸውም። ባዶውን ሳህን ይመልሱላታል፣ እሷም መብላታቸውን ከሳህኑ ታነባለች። እኔ ቤት ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ እመላለሳለሁ።

«አንቺ ልጅ፣ ቁጭ በይ!» አለችኝ ረቡዕ። «መቆምሽ አያስፈታቸውም።»

«መቀመጤስ ያስፈታቸዋል?»

እጇን ወደ ሸክላ ጭቃዋ መለሰች። ከዚያ፣ «እምቢ ላለማለት ብለው ነው እኮ የሠሩልሽ» አለች። «አንቺ ከዚያ በፊት ምንም ለምነሻቸው ስለማታውቂ።»

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ዶክተሩ ቀጨኔ መጡ። ቤታችንን እየጠየቁ፣ አቀበቱን በተወለወለ ጫማ፣ ሹራባቸው በላብ ርሶ። በኪሳቸው ደብዳቤ ነበር፤ ማኅተም ተመቶበታል፣ ግማሹ ብቻ ነው የወጣው። «እንሂድ» አሉኝ። ትንፋሻቸውን እንኳ አልሰበሰቡም።

ሊቀመንበሩ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበና አስቀመጠው። «ጓድ ዶክተር፣ ይህ ምርምር ለሰፊው ሕዝብ ምን ይጠቅማል?»

ለዚህ ጥያቄ በዚያ ዘመን የታወቀ መልስ ነበር፤ ምርት፣ ልማት፣ ኢንዱስትሪ። እንዲሉት በሆዴ ለመንኳቸው። ዶክተሩ ግን፣ «ገና አላውቅም» አሉ። «ማንም አያውቅም። የምንጠይቀው ተፈጥሮ ለሁለቱ ወገን እኩል ትፈርዳለች ወይስ ታዳላለች ብለን ነው።»

ሊቀመንበሩ በብዕሩ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ።

«ታዳላለች ብለው ያስባሉ?»

«አይመስለኝም። ግን ሳይቆጥሩ ማመን አይቻልም።»

«ዋስ ይሆናሉ?»

«እሆናለሁ።»

ፈረሙ። ስማቸውንም እስከ አያታቸው ድረስ ጻፉ፤ ሰኞ ፊታቸውን ማየት ያቃተኝን ያህል ያን ጊዜ ደግሞ ዓይኔን ከእጃቸው ማንሳት አቃተኝ። አባቴ ወጡ። ፂማቸው አድጓል፣ ሌላ ምንም አልሆኑም። ቀለበቱን ስንጠይቅ ጥበቃዎቹ ክፍል ውስጥ አገኘነው፤ የውኃ በርሜል አስቀምጠውበታል። አባቴ በርሜሉን ራሳቸው አወረዱ። ቤት እንደደረስን ለእናቴ ሰላምታ ሰጥተው፣ ሳይቀመጡ መስታወቱን አምጡ አሉ። ቀለበቱን አጋደሙት፣ ምላጩን ሞከሩ።

«አልተጣመመም» አሉ። ስለዚያ ሳምንት ያን ቀን የተናገሩት ይህን ብቻ ነው።

ቀለበቱ ቤተ ሙከራ ገባ። በመካከሉ ፖዚትሮን የሚሰጠውን ምንጭ፣ ዙሪያውን እንደ አመድ የቀለለ የሲሊካ ዱቄት አደረግን፤ ጥንዶቹ የሚፈጠሩት ዱቄቱ ውስጥ ነው። ሦስቱም ዲቴክተሮች በአንድ ቅጽበት ከመሰከሩ ቆጣሪው አንድ ይጨምራል፣ ወይ በላይ በኩል ወይ በታች። እኔ ቁጥሩን በየሰዓቱ ባለ ካሬ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ደመርኩት። «ላይ» በልጦ ነበር።

በሦስተኛውም በለጠ። ዶክተሩ፣ «ዲቴክተሮቹን አቀያይሪ» አሉኝ። ጥፋቱ ከአንዱ ዲቴክተር ከሆነ ሲቀያየር ጥፋቱም አብሮ ይዞራልና። አቀያየርኩ። አሁንም «ላይ» በለጠ። ዶክተሩ ከዚያ በኋላ መቀመጥ ተዉ። ክፍሉ ውስጥ ይገባሉ፣ ቆጣሪውን ያያሉ፣ ይወጣሉ፣ ተመልሰው ይገባሉ። አንድ ቀን የክብሪቱን እንጨት በተቃጠለው ጫፍ በኩል ሲያኝኩ አየኋቸው፤ አላስተዋሉትም።

ይህን ብልጫ ከማንም በላይ የፈለግሁት እኔ ነበርኩ። ለፊዚክስ ብዬ አይደለም። አባቴ ለስድስት ቀን ወለል ላይ ከተቀመጡበት እስር አንድ ነገር እንዲወጣ ፈለግሁ። አንድ ትልቅ ነገር፣ ሊቀመንበሩም ጎረቤቱም የሚሰማው። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር የኃጢአቴ ዕዳ የቀነሰልኝ ይመስለኝ ነበር።

በዚህ መካከል ከቀለበቱ እግሮች አንዱ መነቃነቅ ጀመረ። አባቴ ለማጥበቅ መጡ። በር ላይ ዘበኛው አስቁሟቸው ነበርና ሄጄ አስገባኋቸው። ኮሪደሩን ሲያልፉ ግድግዳውን ላለመንካት ክንዳቸውን ሰብስበው ነበር የሚራመዱት። ዶክተሩ ከወንበራቸው ተነስተው ዝቅ ብለው ሰላም አሏቸው።

«እንኳን ደህና መጡ። ሥራዎ ይኸው ቆሞልናል።»

አባቴ ብሎኑን አጠበቁ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው በእጃቸው መዳፍ ሥራውን ዳሰሱ፤ ቀለበቱን፣ መቀመጫዎቹን፣ ዲቴክተሮቹን ሳይቀር። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር።

«ይሄኛው ሞቋል» አሉ።

«ኤሌክትሪክ ስላለው ነው አባባ።»

«እነዚያም አላቸው እኮ።» እንደገና ሦስቱንም በየተራ ዳሰሱ። ዞር ብለው መስኮቱን አዩና ቆባቸውን አውልቀው በዲቴክተሩና በመስኮቱ መካከል ያዙት። ጥላው ጣሳው ላይ አረፈ። «ፀሐይ ነች። እዚህ ቦታ ላይ ብቻ ነው የምታርፈው።»

«አይንኩት!» ብዬ ጮህኩ። በአባቴ ላይ ጮህኩ። «አቀያይሬዋለሁ፤ የዲቴክተር ጥፋት አይደለም! ምንም አያውቁም፣ አይንኩት!»

አባቴ እጃቸውን መለሱ። ዶክተሩ በዝግታ፣ ወደ እኔ ሳያዩ፣ «ዲቴክተሩን ነው ያቀያየርነው» አሉ። «ቦታውን አልቀየርንም። ወረቀቱን አምጪው። ጠዋቱን ለብቻ፣ ከሰዓቱን ለብቻ ደምሪ።»

ደመርኩ። እጄ ታዘዘኝ እንጂ ልቤ አልታዘዘኝም። ጠዋት ጠዋት «ላይ»ና «ታች» እኩል ነበሩ። ፀሐይ ወደ መስኮቱ ከዞረች በኋላ፣ መስኮቱ አጠገብ ያለው ዲቴክተር ሲሞቅ ምስክርነቱ ይዛባል፤ ያን ጊዜ ብቻ «ላይ» ይበልጣል። ደመናማ በነበሩት ቀናት ከሰዓት በኋላም እኩል ነበር። ያዳላችው ተፈጥሮ አይደለችም።

ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ። አባቴ ተከትለውኝ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«ምን አጠፋሁ?» አሉ።

«እርስዎ ምንም አላጠፉም።» ከዚያ ሁሉንም አፈሰስኩት፤ አፌን መክፈቴን፣ ማኅበሩን እያወቅሁ ዝም ማለቴን፣ ያ ሳምንት በከንቱ እንዳይቀር ምን ያህል እንደተመኘሁ።

አባቴ ሰምተው ሲጨርሱ ቆባቸውን አደረጉ። «እኔ የታሰርኩት ቀለበት ሠርቼ ነው» አሉ። «የሠራሁትን አውቃለሁ። ቀለበቱ ደግሞ ልክ ነው፤ እኔ ሌላ ምን ልጨምር? ሂጂ፣ መስኮቱን በአንድ ነገር ሸፍኑት።»

መስኮቱን በወታደር ብርድ ልብስ ሸፍነን ከዜሮ ጀመርን። ክረምቱ ገባ። መብራት ሲጠፋ የዕለቱን ጥለን እንደገና እንጀምራለን። ረጋ ብያለሁ ብል ውሸት ነው። አሁን ደግሞ ቁጥሮቹ እኩል እንዳይሆኑ ሳይሆን እኩል እንዲሆኑ እየጓጓሁ፣ በጉጉቴ ራሴን እየተጠራጠርኩ፣ የጻፍኩትን ቁጥር ሦስት ጊዜ እየተመለስኩ አነባለሁ። ዶክተሩ ይህን አይተው፣ «ጥሩ ነው፣ አሁን ፊዚክስ ጀመርሽ» አሉኝ። መስከረም ሲጠባ ደመርን። «ላይ»ና «ታች» በመሣሪያችን አቅም ሊለይ የሚችል ልዩነት አልነበራቸውም። ከእኛ በፊት በተሻለ መሣሪያ የቆጠሩ ሰዎችም ልዩነት አላገኙም ነበር፤ እኛም በድሃ ዕቃ፣ በራሳችን እጅ፣ ያንኑ አገኘን።

ሪፖርቱን በእንግሊዝኛ ጻፍን፣ በስቴንስል ተባዝቶ ለትምህርት ክፍሉ ተሰጠ። በመጨረሻው ገጽ ላይ ምስጋና አለ። ዶክተሩ የአባቴን ስም ሊጽፉ ፈልገው ነበር። አባቴ ማኅበሩን ፈርተው እምቢ አሉ።

አንድ ቅጂ ወስጄ ማታ ራት ሳይቀርብ ለእሳቸውና ለእናቴ በአማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። ምስጋናው ላይ ስደርስ፣ «ቀለበቱን በትክክለኛነት ለሠሩልን አንድ የቀጨኔ የእጅ ባለሙያ» የሚለውን አነበብኩ።

«ቀጨኔ ይላል?» አሉ አባቴ።

«ይላል።»

«የት ላይ ነው?»

በጣቴ አሳየኋቸው። እኔ እስከዚያን ቀን ፎርም ስሞላ የመኖሪያ ሰፈር ሲባል «ጉለሌ» እያልኩ ነበር የምጽፈው፤ ቀጨኔ ካልኩ የቀጥቃጭ ልጅ መሆኔ ይታወቃል ብዬ። ይህን ለአባቴ አልነገርኳቸውም። እሳቸው ጣታቸውን ከእኔ ጣት አጠገብ አሳረፉና ማንበብ የማይችሉትን ፊደል ትንሽ ቆይተው አዩት።

«እና እኩል ነው ማለት ነው?» አሉ ወረቀቱን እየመለሱልኝ።

«እኩል ነው አባባ።»

«እንግዲህ ጥሩ ነው» አሉ፤ እናቴም ራቱን አቀረበች።